ወተት የሌለበት ዱቄት

ብረት የሚገፋ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ሲተኛ ከራስጌው ሌላ ሰው ይቆምለታል። የቋሚው ሥራ ቀላል ነው፤ ሁለት እጁን ከብረቱ ሥር ዘርግቶ፣ ብረቱን ሳይነካ ይጠብቃል። የተኛው ሰው ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቋሚው ጎንበስ ብሎ «አለሁ» ይለዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። የስፖርት ቤት ልማድ ነው፤ ማንም ለማንም ይለዋል፤ ቆም ብሎ የሚያስብበትም የለም። እኔ ግን ያቺን ቃል ለመስማት ስል ብቻ ከአቅሜ በላይ ክብደት ያስጫንኩባቸው ቀናት ነበሩ። ይህን ስናገር አላፍርም። የማፍርበት ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ኋላ እናገራለሁ።

ሐረር የመጣሁት ተመድቤ ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ደብረ ማርቆስ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ማንም አልያዘኝም፤ ተመለስ ያለኝም የለም። የምኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ከአንዲት አሮጊት ግቢ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ግቢው ከሰው አይጎድልም፤ የእሳቸው ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የወንድም ልጆች፣ ጎረቤት፣ እንግዳ ሁሌ ይወጣል፣ ይገባል። እኔ ተከራይ ነኝ። ጠዋት «ቲቸር፣ ደህና አደርክ?» ይሉኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ፣ እርስዎስ?» እላለሁ። ከዚህ ያለፈ ያወራነው ቢኖር ውሃ ስለ መጥፋቱ ነው።

የሐረር ከሰዓት በኋላ ለብቸኛ ሰው አይመችም። ምሳ ከተበላ በኋላ ከተማው ጸጥ ይላል። ሰው በየቤቱ፣ በየጓዳው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይዞ ወሬውን ይሰልቃል። በጠባቦቹ መንገዶች ሳልፍ ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ይሰማኛል፤ የሚስቀውን ሰው አላየውም። እኔ ጫት አልቅምም። አንድ ሁለቴ ተጋብዤ ተቀምጬ ነበር። ሁሉም እየቃመ እኔ ብቻ ለስላሳዬን ይዤ ፊት ለፊታቸው ስቀመጥ ቃለ ጉባኤ የምይዝ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። ለሦስተኛ ጊዜ የጠራኝ የለም።

ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሰጠችኝ ምክር ብዙ ቢሆንም አጥብቃ ያስያዘችኝ አንዱን ነው፦ ለሰው እንዳልናገር። «ደረቱ ልክ አይደለም ከተባልክ ልጁን የሚሰጥህ ማን ነው?» ትለኝ ነበር። ልጁን የሰጠኝም የለም፣ ምስጢሩንም አላወጣሁም፤ እንዲሁ አርባ ሞላኝ። ወደ አፍ የሚነፋ፣ እኛ ፓፍ የምንለው መድኃኒት ሁለት ዓይነት አለኝ። ሰማያዊው ሲያፍነኝ ወዲያው የሚያስተነፍሰኝ ነው። ቡናማው ግን ደህና ብሆንም ባልሆንም ጠዋትና ማታ የምወስደው ነው፤ ውስጥ ውስጡን የተቆጣውን የመተንፈሻ ቧንቧ ቀስ ብሎ ያበርዳል። ቡናማው ወዲያው የሚታይ ለውጥ ስለሌለው ሰው በቀላሉ ይንቀዋል። እኔም ናቅሁት።

ስፖርት ቤት የገባሁት ለጤናዬ አስቤ ነው ብል ውሸት ነው። የገባሁት ከሰዓቱ ስለረዘመብኝ ነው። ወደ አቦከር መንገድ ላይ ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀ መስታወት የተለጠፈበት። ከብረቶቹ ግማሹ የፋብሪካ ነው፤ ግማሹ በቀለም ጣሳ ውስጥ ተሞልቶ የደረቀ ሲሚንቶ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥግ ይዤ ትናንሾቹን ሳነሳ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። በሁለተኛው ሳምንት ደፈር ብዬ አግዳሚው ላይ ተኛሁ፤ ብረቱንም አወረድኩት። መልሼ ማውጣት ግን አቃተኝ። ደረቴ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

«አቦ ቲቸር! አንተ ነህ ብረቱን የምትገፋው ወይስ ብረቱ ነው አንተን የሚገፋህ?»

ቀና ብዬ ሳይ አንድ ጢሙን ያሳደገ ሰፊ ሰው ከራስጌዬ ቆሟል። ብረቱን በሁለት ጣቱ ያነሳልኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን ከሥሩ ዘርግቶ ቆመ። «ግፋ» አለኝ። «አልቻልኩም» አልኩት። «ትችላለህ። ግፋ፤ አለሁ።» ገፋሁት። እሱ ይርዳኝ አይርዳኝ እስካሁን አላውቅም።

ፈረስ መጋላ ላይ ጨርቅ ይሸጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ተወልዶ፣ በልጅነቱ ጫት ተሸክሞ ከተማ እየገባ ነው ያደገው። በእኔ ዕድሜ ነው፤ ቢያንሰኝ በሁለት ዓመት ነው። ቲቸር መሆኔን ያወቀው የእህቱን ልጅ ስለማስተምር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረን መሥራት ጀመርን። እሱ ሲገፋ እኔ እቆማለሁ፤ እኔ ስገፋ እሱ ይቆማል። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ሳርም ቀረሁ። በማግሥቱ ገና ከበሩ ሳልገባ «ትናንት የት ጠፋህ?» ብሎ ጮኸብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የት ጠፋህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ፤ ዓይኔ ውስጥ ላብ እንደገባ ሰው በፎጣዬ ጠረግሁት።

በስፖርት ቤት ሁሉም የሚጠጣው ዱቄት፣ የሚውጠው ክኒን አለው። ወዳጄም ከጂግጂጋ እያመጣ የሚሸጥ አንድ ደንበኛ ነበረው። መጀመሪያ ያመጣልን የዓሣ ዘይት ክኒን ነው። «ለመገጣጠሚያ ነው፤ ደረትም ይከፍታል» አለኝ። ደረት ሲል ልቤ ደንገጥ አለ፤ እሱ ግን የራሱን እየደቃ ስለ ጡንቻ ነበር የሚያወራው። ክኒኑን ለመጀመር አንድ ሳምንት ፈጀብን። ዓሣው አላስጨነቀውም፤ ያስጨነቀው ሽፋኑ ነው። የክኒን ሽፋን ከአሳማ ቆዳ ሊሠራ ይችላል ብሎ የነገረው ሰው ነበር። ዕቃውን ይዞ ሃይማኖት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ሌላ ዕቃ አስመጣ፤ ያንንም አስነበበኝ። በመጨረሻ ሽፋኑም ከዓሣ የተሠራ አገኘና «ቢስሚላህ» ብሎ ዋጠ። እኔም እየሳቅሁበት ዋጥኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ደረቴ ቀለለኝ። ከፈረስ መጋላ ወደ ፈላና በር ስሄድ መሀል መንገድ ላይ የምቆምበት ቦታ ነበረኝ፤ ስልክ የማይ መስዬ ትንፋሼን የምሰበስብበት። ሳልቆም ማለፍ ጀመርኩ። ክኒኑ ይሁን፣ እንቅስቃሴው ይሁን፣ ወይስ ከሰው ጋር መዋል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን አወቅሁ ብዬ ነበር። ቡናማው ፓፍ ሲያልቅ ሌላ አልገዛሁም።

ያልገዛሁበት ሌላ ምክንያትም ነበር። መድኃኒት የምገዛበት ፋርማሲ ከወዳጄ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ድሮ ማንም ስለማያውቀኝ ገብቼ፣ ገዝቼ፣ ኪሴ ከትቼ እወጣ ነበር። አሁን ግን ገና ከታክሲ ስወርድ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ከሱቁ ይወጣል። ፋርማሲ ገብቼ ብወጣ ምን አመመህ ይለኛል። ልዋሸው አልፈለግሁም፤ እውነቱንም ልነግረው አልፈለግሁም። ደረቱ የታመመ ሰው መሆኔን ካወቀ በኋላ ከራስጌዬ ቆሞ ግፋ የሚለኝ አልመሰለኝም። ሌላ ፋርማሲ ፍለጋ እንኳ አልሄድኩም፤ ስንፍና ሲጨመርበት ምክንያት አይጠፋም። ሰማያዊው አንድ ቀርቶኝ ነበር፤ እሱንም መሳቢያ ውስጥ ተውኩት።

በዚያ ዓመት የእኛ ዓቢይ ጾምና የእነሱ ረመዳን ገጠሙ። ሐረር ውስጥ በዚያ ወር ቀን ቀን የሚበላ ሰው ማየት ብርቅ ሆነ። ወዳጄ በነገሩ በጣም ነበር የተደሰተው። «ዘንድሮ አንድ ላይ ነን፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ» አለኝ። እኔ ድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምጾመው፤ ዘንድሮ ግን እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አስረዘምኩት። ሃይማኖተኛ ሆኜ አይደለም። ከእሱ ጋር ለመብላት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብረት እናነሳለን፤ ከዚያ ወደ ሱቁ እንሄዳለን። በጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል ካርቶን ዘርግቶ ተምርና ውሃ ያስቀምጣል፤ አዛን እስኪል ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ያ ጥበቃ በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ጊዜያት ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። አንናገርም፤ ሁለታችንም ውሃውን እናየዋለን። ሚስቱ ሳምቡሳ ትልክ ነበር፤ የእሱ በሥጋ፣ የእኔ በምስር። የእኔው እንዳይቀላቀል ለብቻው ፌስታል ውስጥ ሆኖ በአረንጓዴ ክር ታስሮ ይመጣል። ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም። አይታኝ የማታውቅ ሴት ምስር ለይታ ስትቀቅልልኝ፣ ክር መርጣ ስታስርልኝ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግናት ጨነቀኝ።

ጾሙ ሲገባ የመጀመሪያው ችግር ዱቄቱ ሆነ። ሁሉም የሚጠጣው የፕሮቲን ዱቄት ከወተት የተሠራ ነው፤ ለእኔ አይሆንም። የዓሣ ዘይቱንም ተጠራጠርኩና የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ዘይቱ የተጨመቀው ከእህል ነው ነፍስ ካለው?» አሉኝ። «ነፍስ ካለው» አልኳቸው። «እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?» ብለው ሌላ ሰው ወደ ማናገሩ ዞሩ። ክኒኑንም ተውኩት።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ በእኔ ፋንታ ተቆጨ። «ጾመህ ብረት አንስተህ ባዶ ሆድህን ልትቀር? አይሆንም። ወተትም ዓሣም የሌለበት እኔ አመጣልሃለሁ» አለ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ስስ ፌስታል ይዞ መጣ፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ፤ አፉ በክር ተቋጥሯል። ነጋዴው ከትልቅ ጣሳ በማንኪያ እየሰፈረ ነው የሚሸጠው፤ ጽሑፍ ያለበት ጣሳው ብቻ ነው፤ ጣሳው ደግሞ ጂግጂጋ ቀርቷል። እዚህ አገር ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚደርሰን፤ ስሙ እዚያ ይቀራል።

«ክሬቲን ይሉታል፤ ለጡንቻ ጉልበት ነው። ሦስቴ ነው የጠየቅሁት» አለኝ ወዳጄ። «ወተት የለበትም፣ ዓሣ የለበትም፣ ከሥጋ ነገር ምንም የለበትም። ወላሂ ብሎ ምሎልኛል።»

«ሐላልስ ነው?» አልኩት ለማብሸቅ።

«ሐላልም ነው፣ የጾምም ነው። ከዚህ በላይ ምን ይሁንልህ፣ አቦ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ያን ዱቄት ያልጠየቅነው ነገር አልነበረም። በሁለት ሃይማኖት መርምረነዋል። የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ለአስም ይሆናል ወይ የሚለው። እሱን መጠየቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ተምሩን እየበላ ዝም አለ።

በየቀኑ ካፈጠርን በኋላ አንድ ማንኪያ ውሃ ውስጥ አማስሎ ይሰጠኛል፤ እጠጣለሁ። ከሳምንት በኋላ ደረቅ ሳል ያዘኝ። ጠዋት ስነሳ ደረቴ ውስጥ ቀጭን ፉጨት መሰማት ጀመረ። ፉጨቱን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ዱቄቱን ጠረጠርኩት። መድኃኒት ማቆሜንም አስታወስኩ። ግን ዱቄቱ ይቅርብኝ ብል ለምን ይለኛል፤ ለምን ካለኝ አስሙ ይወጣል፤ አስሙ ከወጣ ያ ሱቅ፣ ያ ካርቶን፣ ያ አረንጓዴ ክር ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሳሌ ሲመጣ ወደ ውጭ እወጣ ነበር። «አቧራው ነው» እላለሁ። በርበሬ የሚፈጭበት ቤት አጠገብ ስናልፍ ሳል ሲይዘኝ ሰበብ በማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበር። ትንፋሼንና ወዳጄን አመዛዝኜ ወዳጄን መረጥኩ፤ እንደዚያ አድርጌ መምረጥ እንደሌለብኝ አልገባኝም።

በጾሙ አጋማሽ አካባቢ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ቆርቆሮው የዋለውን ፀሐይ ከላይ ይለቅብናል። ቀኑን ሙሉ ውሃ አልቀመስኩም። አግዳሚው ላይ ተኛሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገፋሁ። አራተኛውን ሳወርድ ደረቴ ተዘጋ። አየር ይገባል፤ አይወጣም። ክንዴ ተንቀጠቀጠ።

«አለሁ» አለኝ። «አንድ ጨምር፤ አለሁ።»

ልናገር ብል ድምፅ የለኝም። ዓይኔን ሲያይ ብረቱን መንጭቆ አነሳውና ወዲያ ጣለው፤ የሲሚንቶው ጣሳ ተሰነጠቀ። አቀፈኝ፣ ውጭ አወጣኝ፣ ባጃጅ አስቆመ። የኢፍጣር ሰዓት ስለደረሰ ከተማው በሙሉ ወደ ቤቱ እየሮጠ ነው። ባጃጁ በሰው መሀል እየተጥመዘመዘ ሲሄድ ወዳጄ ጀርባዬን እያሻሸ «አብሽር፣ አብሽር፣ ደርሰናል» ይለኛል። ሰማያዊው ፓፍ ፈላና በር፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። እንደ እንፋሎት የሚወጣ መድኃኒት ያለበትን ጭምብል አፍንጫዬና አፌ ላይ አደረገችልኝና ወደ እሱ ዞረች።

«አስም አለበት?»

«የለበትም» አላት ወዲያው። እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር። «የለበትም፣ ዶክተር። እኔ አውቀዋለሁ። በየቀኑ አብረን ነው የምንሠራው።»

ሐኪሟ አየችኝ። ጭምብሉ እንዳለ ራሴን ነቀነቅሁ፤ አለብኝ ማለቴ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» ስትለኝ መዳፌን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ የሕፃን ቁመት አሳየኋት። ወዳጄን ቀና ብዬ አላየሁትም። እጁን ከትከሻዬ ላይ አላነሳም፤ ይህን መናገር አለብኝ፣ አላነሳም። ግን ማሻሸቱን አቆመ። በዚያ መሀል አዛን አለ።

የምወስደውን ነገር ስትጠይቅ እሱ ነው የመለሰላት። ፌስታሉ የስፖርት ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ አውጥቶ ሰጣት። «ወተት የለበትም» አላት። «ስለ ወተቱ አልጠየቅኩም» አለችው፤ በቁጣ አልነበረም። ፌስታሉን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። ከዚያ ለሁለታችንም እንደ ተማሪ አስረዳችን። የዓሣ ዘይት ለአንዳንድ ሰው የመተንፈሻ ቧንቧውን መቆጣት ትንሽ ሊያበርድለት እንደሚችል የሚናገሩ አሉ፤ ሁሉም ግን አይስማሙበትም። ክሬቲን ደግሞ አስም እንዲይዛቸው በተደረጉ እንስሳት ላይ ሲሞከር መቆጣቱን አባብሶ የታየበት ጊዜ አለ፤ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና በውል አልታወቀም። «ይህ ክሬቲን ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ምን ይቀላቀልበት እኔ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ፓፉን ማቆሜን ጭምብሉ ሲነሳልኝ ነግሬያት ነበር። «ይህን ሳትነካውም መድኃኒትህን ማቆምህ ብቻ እዚህ ሊያመጣህ ይችላል።»

ነርሷ ለወዳጄ ውሃ በፕላስቲክ ብርጭቆ አመጣችለት። እስከዚያ ድረስ አላፈጠረም ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ ቆሞ ጠጣው፤ ብርጭቆውን የት እንደሚያስቀምጠው እንዳልገባው ሰው እጁ ላይ ሲያገላብጠው ቆየ።

ሲሻለኝ ቤቴ አደረሰኝ። በራፌ ላይ ቆመን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ አናገረኝ።

«ቲቸር፣ ስትገፋ ትንፋሽህን እየቆጠርኩ የምቆመው እኔ አልነበርኩም?»

«አንተ ነበርክ።»

«እና?»

ያስደበቀችኝ እናቴ ነች አልለው ነገር። የበሬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ። «አላህ ያሽርህ» ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ብሎም ግን አልቀረም። በማግሥቱ በመግሪብ ሰዓት በሬ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፤ እሱ ነው። የምስር ሳምቡሳውን በአረንጓዴ ክር እንደታሰረ ይዞ ቆሟል። «ሚስቴ ተቆጥታለች። ጾመኛ ሰው ገደልክ ብላኛለች» አለኝና ሊስቅ ሞከረ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሆስፒታሉ የተሰጠኝን ቡናማ ፓፍ አገላብጦ አየው፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ጠየቀኝ። ይቅር ሊለኝ ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ። ትንሽ ቀናት ነበር የቀሩት።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ ከበቡኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሰው አጠገቤ ቆሞ አያውቅም። አንዱ ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰውዬው ምንድን ነው ያጠጣህ?» አለኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፦ ማንም ምንም አላጠጣኝም፣ አስም አለብኝ፣ መድኃኒቴን ያቆምኩት ራሴ ነኝ። ሁሉም ያዩኛል። የእናቴ ድምፅ መጣብኝ። «አንድ ዱቄት ነበር» አልኩና ሳልኩ።

የማፍርበት ነገር ይኸው ነው። ውሸት አልነበረበትም፤ ዱቄት ነበር። ግን ሳሉ አልመጣኝም ነበር፤ እኔ ነኝ የሳልኩት።

ሐረር ትንሽ ከተማ ናት። ወሬው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ፈረስ መጋላ እስኪደርስ አንድ ቀን አልፈጀም። ጨርቅ ሻጩ ጾም የያዘውን አስተማሪ የማይታወቅ ነገር አጠጥቶ ሊገድለው ነበር ተባለ። የስፖርት ቤቱ ባለቤት ዱቄት ይዞ እንዳይገባ ነገረው አሉ። ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ እውነት ነው ወይ እያሉ ጠየቁት አሉ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በወሬ ነው። ማክሰኞ መግሪብ ላይ አዛን ሲል በሬን ከፍቼ ቆምኩ። ማንም አልመጣም። እማማ በግቢው ሲያልፉ «ቲቸር፣ ሰው ትጠብቃለህ?» አሉኝ። «የለም፣ እማማ፤ አየር ልውሰድ ብዬ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሳምቡሳ አልመጣም። ረመዳን አለቀ፤ ኢድ ሆነ፤ ሱቁ ድረስ ሄጄ እንኳን አደረሰህ ልለው አስቤ ፈላና በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ፋሲካም መጣ። ሥጋዬን ብቻዬን በላሁ፤ ጾሙ ይሻለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ተነስቼ ተናገርኩ። አስም እንዳለብኝ፣ መድኃኒቴን ደብቄ እንዳቆምኩ፣ ሰውዬው ምንም እንደማያውቅ፣ እንዲያውም ሕይወቴን ያተረፈው እሱ መሆኑን ነገርኳቸው። አርባ ዓመት የታሰረ ነገር ነው። «አሃ፣ አስም ነው እንዴ?» አለኝ ያ ባልደረባዬ። «እህቴም አለባት።» ከዚያ ስለ ደመወዝ ጭማሪው ወደሚያወሩት ወሬ ተመለሱ። ይህኛው ወሬ ፈረስ መጋላ ለመድረስ ስንት ቀን እንደፈጀበት አላውቅም።

ፓፌንም በጠራራ ፀሐይ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ገዛሁ። ኪሴ አልከተትኩም፤ በእጄ ይዤ ወጣሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ለአንዲት ሴት ጨርቅ ይለካ ነበር። ቀና ይበል አይበል ቆሜ ማየት አልደፈርኩም።

ወዳጄ የስፖርት ሰዓቱን ወደ ጠዋት እንደቀየረ ሰማሁ። አንድ እሑድ ማልጄ፣ ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ። መጋዘኑ ውስጥ የሚጠርግ ሰው ብቻ ነበር። ወዳጄ አግዳሚው ላይ ተኝቷል፤ ብረቱ በሁለቱም ጎን ሙሉ ነው፤ ያ ስንጥቅ ጣሳ በሽቦ ተጠፍሮ እዚያው ላይ ተሰክቷል። እየገፋ አልነበረም፤ ብረቱን ይዞ እያሰበ ነበር። በዚያ ክብደት ብቻውን መግፋት እንደማይቻል ሁለታችንም እናውቃለን።

ሄጄ ከራስጌው ቆምኩ። ሁለት እጄን ከብረቱ ሥር ዘረጋሁ።

«አለሁ» አልኩት።

ከሥር ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ቁጣ ቢሆን በወደድኩ።

«ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት። «የእኔ ጥፋት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ። አሁን ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«መድኃኒትህን ትወስዳለህ?»

«እወስዳለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። የእውነቱን ነው ያለው፤ ድምፁ ያስታውቃል።

ከዚያ ተነሳ። ወደ ቀኝ በኩል ዞሮ አንዱን ብረት አወጣና መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ግራ ዞሮ አቻውን አወጣ። ሳይቸኩል፣ አንድ በአንድ፣ ስንጥቁን ጣሳ ጭምር ወደ ጥግ ወስዶ ደረደረው። ከራስጌ የሚቆም ሰው የማያስፈልገው ክብደት እስኪቀር ድረስ አወጣው። ተመልሶ ተኛ፤ ብረቱን ያዘ፤ መግፋት ጀመረ። ክንዱ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

እኔ እጆቼን ከብረቱ ሥር እንደዘረጋሁ እስኪጨርስ ድረስ ቆምኩ።